የቪትዜ ኤሲ ደሴ ላይ ደህና ነው፣ ባቲ ሲደርስ ይሞቃል፤ ጋዝ ያልቃል ወይ?

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው፤ የምነዳው ቪትዝ ነው። ኤሲው ግራ አጋብቶኛል። ደሴ ላይ ሳበራው ደህና ቀዝቃዛ አየር ይሰጣል። ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ስገባ ለብ ይላል። ባቲን ካለፍኩ በኋላ ደግሞ ከውጭው አየር አይለይም።

ባለፈው ሚያዝያ እናቴን ይዤ ሎጊያ ወደምትኖረው እህቴ ሄድኩ። እናቴ የደም ግፊት አለባት። ባቲ አልፈን ጥቂት እንደሄድን ፊቷ ቀላ፣ ራሴን አለች፣ ዛፍ ፈልጌ አቆምኩ። በነጠላዋ ጫፍ ውሃ እያስነከርኩ ግንባሯን እያበስኩ ጥላ ሥር ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ያን ቀን የተሰማኝን ፍርሃት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ በስድስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ጋዝ አስሞልቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ የተሰጠኝ ምክንያት ጋዙ አልቋል የሚል ነው። ሁለተኛው ጋራዥ መኪናዋ በቆመችበት ጌጅ ሰክቶ ግፊቱ አሁን ጥሩ ነው ብሎ ሸኘኝ፤ ሦስት ሳምንት አልቆየም።

እህቴ በሐምሌ ትወልዳለች፣ እናቴም ልታርሳት መሄዷ አይቀርም። ሦስተኛ ጊዜ ከመክፈሌ በፊት የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ። ጋዝ ያልቃል ወይ? ካለቀስ የት ሄደ? ፊውዙን አይቻለሁ፣ ደህና ነው። ንፋሱ በሁሉም ፍጥነት ይመጣል። የኤሲውን ቁልፍ ስጫን ከኮፈኑ ሥር የሚሰማው ቀጭ የሚል ድምፅ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም።

በኢንተርኔት መድረክ ላይ የጻፍኩት ጥያቄ ይህ ነበር። መልሶቹ ብዙ ስለሆኑና መሐል ላይ ጠብም ስለተነሣ፣ ኋላ የሚመጣ ሰው እንዳይደክም በየተራቸው እዚህ አሰፍራቸዋለሁ።

1ኛው መልስ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ጸሐፊው በአብሽር ጀምሮ ለእናቴ ጤና ከተመኘ በኋላ ወደ ነገሩ ገባ። ጋዙ እንደ ቤንዚን የሚቃጠል ነገር አይደለም። በዝግ ቧንቧ ውስጥ የሚዞር ነው፦ ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል፣ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ለውጭ አየር ያስረክብለታል፣ ከዚያ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ክሩስኮቱ ውስጥ ባለው ኢቫፖሬተር ሲተን የመኪናውን ሙቀት ይጠጣል፣ ተመልሶም ወደ ኮምፕሬሰሩ ይሄዳል። ስለዚህ ከቀነሰ ሾልኳል ማለት ነው። የሾለከበትን ሳይፈልጉ መሙላት በተቀደደ ስልቻ ውሃ መቅዳት እንደሆነ ጻፈ። ለሁለት ወር ያላገኘሁትን መልስ በአንድ አንቀጽ ሰጠኝ፤ እስካሁን አመሰግነዋለሁ።

2ኛው አጭር ነበር፤ የካቢን ፊልተሩን እንዳይ አሳሰበኝ። ከተሳፋሪው ፊት ካለው ሣጥን ኋላ አወጣሁት፣ አቧራና የደረቀ ቅጠል ሞልቶታል። ቀየርኩት። ንፋሱ በረታ፣ ቅዝቃዜው ግን እዚያው ነው።

3ኛው የደሴ ሰው ኤሲ ምን ያደርግለታል፣ መስኮት ይክፈት የሚል ይዘት ነበረው። ክፋት አልነበረውም፣ ግን እናቴን ጥላ ሥር ተቀምጣ ላየ ሰው ቀላል አይደለም። እኔ ሳልመልስ 4ኛዋ መለሰችለት። ኮምቦልቻ እያደረች በየጧቱ ደሴ ለሥራ የምትወጣ ሴት ናት። በክረምት ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ የፊት መስታወቷ ከውስጥ በኩል በላብ እንደሚሸፈን፣ በጨርቅ እየጠረጉ ያንን ጠመዝማዛ መውጣት ነፍስን መያዣ ማድረግ እንደሆነ ጻፈች። ኤሲ አየሩን ከማቀዝቀዙ ሌላ እርጥበቱን ያወጣዋል፤ ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ውሃም ይኸው ከአየሩ የወጣው እርጥበት ነው። ከማሞቂያው ጋር አብራ ስታበራው መስታወቱ ባንድ አፍታ ይጠራላታል። 3ኛው ይህን አላውቅም ነበር ብሎ በትሕትና አመሰገናት። የደሴ ሰው ሆኜ እኔም አላውቅም ነበር።

5ኛው የጅቡቲን መስመር ለዓመታት የነዱ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። አንቱ ብዬ ነው የምጠራቸው፣ እሳቸውም ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ። ያሉት ነገር የውይይቱን አቅጣጫ ቀየረው። ኤሲን ደሴ ላይ መፈተሽ ፈተና አይደለም። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በጧት የውጭው አየር ራሱ 14 እና 15 ዲግሪ ሲሆን ኤሲው ሞቶም ቢሆን ከማውጫው የሚመጣው ንፋስ ቀዝቃዛ ይመስላል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ሚሌ ደግሞ ከ500 ሜትር በታች ናት። መኪናዋ ደሴ ላይ ጤነኛ ሆና ባቲ ላይ አልታመመችም፤ ደሴ ላይም ታማ ነበር፣ ብርዱ ሸፍኖላት ነው። ኮምቦልቻ ወርጄ በቀትር፣ መስኮት ዘግቼ፣ ሞተሩን ወደ 1,500 ዙር ከፍ አድርጌ፣ ቴርሞሜትር ማውጫው ላይ ሰክቼ እንድለካ አዘዙኝ። በማግሥቱ አደረግኩት። የውጭው 29፣ የማውጫው 23 ሆነ። ለደህና ኤሲ ይህ ልዩነት እጅግ ትንሽ ነው። የተሠራልኝ ሥራ ሁሉ ደሴ ላይ፣ በጧት፣ በእጅ መዳፍ ብቻ ተፈትኖ የወጣ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

6ኛው ስቆም ይሞቃል ወይ፣ ስሄድ ይሻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ስቆም ብቻ የሚሞቅ ከሆነ የኮንደንሰሩ ፋን አይዞርም ማለት ነው፤ መኪና ሲሄድ ነፋሱ የፋኑን ሥራ ይሠራል። የኔ ግን ቆሜም ሄጄም ያው ነው፣ ፋኑም ይዞራል። ኮንደንሰሩን ከጭቃና ከነፍሳት እንዳጥበው፣ ስስ ክንፎቹ እንዳይታጠፉ ግን በኃይለኛ ውሃ እንዳልመታው መከረኝ። ያን አድርጌ አንድ ዲግሪ አተረፍኩ።

7ኛው መልስ ረጅም ነው፤ የፊዚክስ መምህር ነኝ ያሉ ሰው ጻፉት። ግፊቱ ጥሩ ነው የተባልኩትን ነገር አንሥተው ለምን እንዳሳሳተኝ አስረዱ። ሞተር በጠፋበት ጊዜ፣ ቧንቧው ውስጥ ጥቂትም ቢሆን ፈሳሽ ጋዝ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው መጠኑ ሳይሆን ሙቀቱ ነው። አር 134 ኤ የሚባለው ጋዝ በባሕር ወለል ላይ ብንለካው በ20 ዲግሪ 68 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ፣ በ30 ዲግሪ 97 ገደማ ያሳያል፤ 150 ግራም ይኑር 400 ግራም ለውጥ የለውም። ደሴ ላይ የአካባቢው አየር ሳሳ ስለሚል ያው ጋዝ ጌጁ ላይ በ4 ገደማ ከፍ ብሎ ይነበባል። ስለዚህ መኪና አቁሞ ጌጅ ማንበብ ጋዝ አለ ወይስ ፈጽሞ የለም ከማለት አያልፍም። የሚበጀው ኮምፕሬሰሩ እየሠራ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን መስመር አብሮ ማየት ነው። በመደበኛ ሙቀት ዝቅተኛው ከ25 እስከ 45፣ ከፍተኛው ከ150 እስከ 250 ፒ ኤስ አይ አካባቢ ይሆናል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዝ ጎድሏል። ዝቅተኛው ከፍ ብሎ ከፍተኛው ዝቅ ካለ ኮምፕሬሰሩ ደክሟል። ሁለቱም ከልክ በላይ ከወጡ ወይ ጋዝ በዝቷል ወይ ኮንደንሰሩ ሙቀቱን አላስወጣም። አንቀጹን ወረቀት ላይ ገልብጬ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ አኑሬዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከረረ። 8ኛው ጸሐፊ ያ ቀጭ የሚለው ድምፅ አልፎ አልፎ የሚጠፋው የግፊት መቆጣጠሪያዋ ኮምፕሬሰሩን ስለምታቋርጠው ነው አለ። እውነቱን ነው። ቀጥሎ ግን የመቆጣጠሪያዋን ገመድ ነቅዬ ሁለቱን ጫፍ በሽቦ እንዳገናኝ መከረኝ። 9ኛው ቁጣውን አልደበቀም፤ እንዲህ ያለ ምክር የሰው ንብረት እንደሚያወድም ጻፈበት። መቆጣጠሪያዋ የምታቋርጠው ጋዝ ሲጎድል ነው፤ የኮምፕሬሰሩ ዘይት የሚዞረው ከጋዙ ጋር ተቀላቅሎ ስለሆነ ጋዝ በሌለበት በሽቦ ማሠራት ብረትን ከብረት ማፋጨት ነው። ከተፈጨ ደግሞ ብናኙ ኮንደንሰሩንና ጠባቡን ቀዳዳ ይደፍናል፣ አንድ ዕቃ የነበረው ወጪ አራት ይሆናል። አነጋገሩ ሸካራ ቢሆንም ልክ ነበር።

10ኛው የባሰ ነገር አመጣ። የመኪናው ጋዝ ተወድዷልና የማብሰያውን ቡታጋዝ በተመሳሳይ ቱቦ መሙላት ይቻላል፣ እንዲያውም የተሻለ ያቀዘቅዛል አለ። 11ኛው ላይ የሰፈረውን ስድብ አልደግመውም። የመድረኩ ኃላፊ 12ኛ ሆኖ ገብቶ ስድቡን አጠፋ፣ የ10ኛውን ጽሑፍ ግን ከማስጠንቀቂያ ጋር አቆየው። ማጥፋት ነበረበት ብዬ አምናለሁ። ቡታጋዝ ማቀዝቀዙ እውነት ነው፤ ግን ኢቫፖሬተሩ ያለው እግራችን አጠገብ፣ ክሩስኮቱ ሥር ነው። እዚያ ከሾለከ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይከማቻል፣ ከዚያ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። እናት፣ አራስና ሕፃን የሚጫኑበት መኪና ውስጥ ይህን ማሰብ ራሱ ይሰቀጥጠኛል።

13ኛው ወሬውን ወደ አሮጌው ኮሮላ ዲኤክስ ወሰደው። መኪናውን ከአባቱ የወረሰ ሰው ነው፤ የሱ ኤሲ የተሠራው አር 12 በሚባለው ቀድሞ በነበረው ጋዝ ነው። ጋዙ የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት እየቀረ ሄዶ፣ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ የተሠሩ መኪኖች በአር 134 ኤ መጡ። አሮጌውን መኪና ወደ አዲሱ ጋዝ ለማዛወር ዘይቱም መለወጥ አለበት፤ የድሮው የማዕድን ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይዋሐድም፣ ወደ ኮምፕሬሰሩም አይመለስም። እሱ ዘይቱን ሳይቀይር ሞልቶ በአንድ በጋ ኮምፕሬሰሩን ቀበረ። 14ኛው ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ነገ ጥያቄው ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና ይሆናል አለ። የእነርሱ ኮምፕሬሰር በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚዞር ስለሆነ የተለመደውን ዘይት ጨምሮ መሙላት የኤሌክትሪክ መከላከያውን እንደሚያበላሸው፣ ሠራተኛውንም ለአደጋ እንደሚያጋልጥ አስጠነቀቀ። ከርዕሴ የራቀ ቢሆንም ሁለቱንም በጉጉት አነበብኳቸው። 15ኛው ወደ ጉዳዩ እንመለስ ብሎ ቆረጠው።

16ኛው መልስ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች። በዓመት ውስጥ ኤሲውን ስንት ጊዜ ታበራለህ? ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ከመስከረም እስከ መጋቢት ቁልፉን ነክቼው አላውቅም፤ ደሴ ላይ ማን ይነካዋል? ጸሐፊው ይህን እንደጠበቀ ሰው ወዲያው ተመልሶ 17ኛውን ጻፈ። ኮምፕሬሰሩ ፊት፣ ቺንጋው ከሚያዞረው ፑሊ ኋላ፣ ዘንጉን ከብቦ ጋዙን የሚይዝ የጎማ ቀለበት አለ። ቀለበቷ እርጥብ ሆና የምትኖረው ከጋዙ ጋር በሚዞረው ዘይት ነው። ኤሲው ለወራት ካልበራ ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጎማው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ጋዙም በዚያ ይሾልካል። ደጋ የሚኖር መኪና ይህ ችግር ይበዛበታል፤ ባለቤቱ ኤሲውን የሚያስታውሰው ቆላ ሲወርድ ነውና። በየሳምንቱ ለአሥር ደቂቃ ማብራት፣ ብርድም ቢሆን፣ ቀለበቷን ያኖራታል። ከዚያ ባትሪ አብርቼ ሁለት ቦታ እንዳይ ነገረኝ፦ ከፑሊው ኋላ፣ እንዲሁም በፑሊው ትይዩ የኮፈኑን ውስጠኛ ገጽ። ጋዝ ሲሾልክ ዘይት ይዞ ይወጣልና ፑሊው እየተሽከረከረ ዘይቱን ወደ ላይ ይረጨዋል።

18ኛው የራሴ ነው። በዚያው ማታ ግቢያችን ውስጥ ኮፈኑን ከፈትኩ። በፑሊው ልክ፣ ኮፈኑ ላይ፣ አንድ ስንዝር የሚሆን አቧራ የለበሰ የዘይት መስመር ተጋድሟል። መኪናዋን በየሳምንቱ አጥባታለሁ፣ የኮፈኑን ውስጥ ግን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም። ሁለት ጋራዦች ሁለት ጊዜ ኮፈኑን ከፍተው ከዚያ መስመር ሥር ቆመው ጋዝ ሞልተዋል። ይህን ስጽፍ ተናድጄ ነበር፣ አሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም። የሳሙና አረፋ በብሩሽ ዙሪያውን ቀባሁት፤ ጥቂት ቆይቶ ጥቃቅን አረፋ መቋጠር ጀመረ።

ጥገናው ምን መምሰል አለበት በሚለው ላይ ሌላ ክርክር ተነሣ፤ ለኔ ከውይይቱ ሁሉ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ነው። 19ኛው አዲስ አበባ ሠልጥኜ መጣሁ የሚል የኮምቦልቻ መካኒክ ነው። ቀለበቷ ከተቀየረች በኋላ፣ እርጥበት የሚመጥጠው ድራየርም አብሮ ተቀይሮ፣ ቧንቧው ውስጥ ያለው አየር በቫኪዩም ፓምፕ ተመጥጦ መውጣት አለበት፤ የጌጁ መርፌ 29 ኢንች ሜርኩሪ ካልደረሰ ሥራው ዋጋ የለውም ብሎ ጻፈ። 20ኛው የደሴ መካኒክ በጨዋነት ተቃወመው፤ በሥራ ዘመኑ መርፌው ከ22 አልፎ አይቶ አያውቅም። 19ኛው በ21ኛው ተመልሶ ፓምፕህ የሞተ ነው፣ የሰው መኪና እያበላሸህ ነው የሚል ይዘት ያለው ኃይለ ቃል ጻፈ። 22ኛው የደሴውን ወግኖ ኮምቦልቻዎች እንዲህ ናችሁ ወደሚል ሰፈር ሊወስደው ሞከረ፤ ደግነቱ የተከተለው የለም።

23ኛው ላይ መምህሩ ተመለሱ። ያ ጌጅ የሚለካው ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ምን ያህል እንደሚያንስ ነው። ባሕር ወለል ላይ የአየሩ ግፊት 29.9 ኢንች ሜርኩሪ ስለሆነ ባዶ የሆነ ቧንቧ ወደ 29 ያሳያል። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ራሱ 22 ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ 24 ገደማ። ካለው አየር በላይ ማውጣት አይቻልም። ደሴ ላይ 22 ማለት ሙሉ ባዶ ማለት ነው፤ 29 የሚለው ቁጥር ባሕር ዳርቻ ለሚሠራ ሰው የተጻፈ ነው። እናቶቻችን ደሴ ላይ ሽሮ ቶሎ ፈልቶ ለመብሰል ግን የሚቆይበት ምክንያትም ይኸው የአየሩ መሳሳት እንደሆነ፣ ውሃ እዚያ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ጨመሩ። ማየት ያለብን መርፌው ስንት ደረሰ የሚለውን ብቻ አይደለም፤ ፓምፑ ተዘግቶ ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ካለበት ንቅንቅ ማለት አለማለቱን ነው።

24ኛው የ19ኛው ነው። የደሴውን ባለሙያ በይፋ ይቅርታ ጠየቀው። ኮምቦልቻ ከመጣ ወዲህ 24 ላይ ለሚቆም መርፌ ደህና ፓምፖችን ተበላሽተዋል ብሎ እየፈታ እንደነበር ገለጠ። እንዲህ ያለ ይቅርታ በአደባባይ መጻፍ ቀላል አይደለም፣ እኔም መኪናዬን ለመስጠት የመረጥኩት እሱን ነው።

25ኛው የመጨረሻ ሪፖርቴ ነው። የቀለበቷ መምጣት ዘጠኝ ቀን ፈጀ፣ ከአዲስ አበባ ነው የመጣችው። ድራየሩና በተከፈቱት መገጣጠሚያዎች ላይ ያሉት ትንንሽ ቀለበቶች አብረው ተቀየሩ። ፓምፑ 45 ደቂቃ ሠራ፤ መርፌው 24 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ተዘግቶ ሻይ ጠጥተን ስንመለስ እዚያው ነበር። ጋዙ በጌጅ ግምት ሳይሆን ሲሊንደሩ ሚዛን ላይ ተቀምጦ፣ ከኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ በተጻፈው ግራም ልክ ተሞላ። በቀትር፣ ኮምቦልቻ ላይ፣ መስኮት ዘግተን ለካን። የውጭው 30፣ የማውጫው 8።

በሐምሌ መጀመሪያ እናቴን ይዤ ወረድኩ። ሰኞ ነበርና ባቲ በገበያተኛ ተጨናንቃ፣ ግመሎቹ እስኪያልፉ ቆመን ሁሉ ቅዝቃዜው አልቀነሰም። ሚሌ ሳንደርስ እናቴ በረደኝ ብላ ነጠላዋን ተከናንባ ተኛች።

26ኛው የሾፌሩ ነው፤ በሰላም መድረሳችንንና እህቴ መገላገሏን ጠየቁ። ሴት ልጅ ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው አልኳቸው። 27ኛው አንድ የዶልፊን ባለቤት የኋላው ኢቫፖሬተር ብቻ እንደማያቀዘቅዝለት ጠይቆ አዲስ ወሬ ጀመረ። 28ኛው ቀለበቷን የት እንደሚያገኝ የጠየቀ የደሴ ልጅ ነው። ኮምፕሬሰሩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ፎቶ አንሥቶ፣ አሮጌዋንም አስፈትቶ ይዞ እንዲሄድ ነገርኩት፤ ልዩነቷ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ሊሆን ይችላልና በዓይን አትለይም።